ካስት ማድረግ መፍታት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የከርነል ዋርኒንግ ማጽዳት ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት በሆነው ፕሮግራም) ኮድ ላይ ስፓርስን የመሰለ መርማሪ ሲለቀቅበት የታይፕ (የዳታ ዓይነት) ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ዋርኒንግ፣ እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። አብዛኛው ፍሬ የለውም። ኮዱ ኮምፓይል ሆኗል (ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሯል)፤ ይሠራልም። ስለዚህ ወይ እለፈው፣ ወይ ካስት አድርገህ (ታይፑን በግድ ሌላ ነው ብለህ) ዝም አሰኘውና ወደ ዋናው ሥራህ ሂድ። መብራትና ኢንተርኔት በሚያስቸግርበት እንደ ጎጃም ባለ ቦታ ያለ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ቀኑን በዚህ እንዳይጨርስ ይመክራሉ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር እየተሰበሰብን የከርነል ኮድ እናነባለን። ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱ ጽሑፉን አንብበውት መጡ። አንደኛው «ጋሼ፣ ታዲያ እኛ ምን አደከመን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚያው የመለስኩለት ግን አጭር ነበር፤ እዚህ በደንብ ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ ልናገር። ስፓርስ ኮዱን ሳያስኬድ፣ አንብቦ ብቻ የሚመረምር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የሊኑክስ ፈጣሪ ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ከርነሉ የተጻፈበት ሲ ቋንቋ የማያውቃቸውን ሁለት ትልልቅ ነገሮች ይጠይቃል። አንደኛው አድራሻው የማን ነው የሚል ነው። ከርነል እጅ የገባ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የያዘ ቁጥር) የራሱ የከርነሉ ሊሆን ይችላል። ከተጠቃሚ ፕሮግራም የመጣ ሊሆን ይችላል። የሃርድዌር ሬጅስተርም (ዕቃው ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ሊሆን ይችላል። ለሲ ኮምፓይለር ሦስቱም ያው ቁጥር ናቸው። ሁለተኛው የባይት ቅደም ተከተል ነው፤ አንድ ቁጥር በብዙ ባይት ሲጻፍ የትኛው ባይት ይቀድማል የሚል። የእኛ ላፕቶፖች ትንሹን ባይት (የቁጥሩን ዝቅተኛ ክፍል) ያስቀድማሉ። የኔትወርክ ፕሮቶኮሎች ትልቁን ያስቀድማሉ። ኢኤክስቲ4 የሚባለው የፋይል ሲስተም ዲስክ ላይ ሲጽፍ ትንሹን ያስቀድማል፤ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ትልቁን። 1500 የሚል የፓኬት ርዝመት ተገልብጦ ቢነበብ 56325 ይሆናል። ለ1500 ባይት በተዘጋጀ ቦታ ላይ 56325 ባይት የሚቀዳ ከርነል ምን እንደሚያደርስ ማሰብ ነው።

የከርነል ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በሌብል ይጽፋሉ። ከተጠቃሚ ለመጣ ፖይንተር ዩዘር፣ ለሃርድዌር አድራሻ አይኦሜም፣ ትልቁ ባይት ለሚቀድምበት ባለ 32 ቢት ቁጥር ቢኢ32፣ ትንሹ ለሚቀድምበት ኤልኢ32 ይላሉ። በተለመደው ኮምፓይል ጊዜ እነዚህ ሌብሎች ምንም ትርጉም የላቸውም። የሚወጣውን ፕሮግራም በአንድ ባይት እንኳ አያሳድጉትም። የሚያነባቸው ስፓርስ ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥቦች ልምጣ። የመጀመሪያው «ኮምፓይለሩ ካሳለፈው ምን ቀረ?» የሚል ነው። የቀረውማ ኮምፓይለሩ ያልተነገረው ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላሳይ። ከርነል ውስጥ ሜሞሪ የሚጠየቀው ኬማሎክ በሚባል ፈንክሽን ነው። በመጀመሪያ መጠኑን ይቀበላል፤ ቀጥሎ ሜሞሪው በምን ሁኔታ ይሰጥ የሚለውን መመሪያ ይቀበላል። ሁለቱም ቁጥር ናቸው። አንድ ሰው ደክሞት ቦታቸውን ቢያቀያይር ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። ለሱ ቁጥር በቁጥር ቦታ ገብቷል። ስፓርስ ግን መመሪያው የራሱ ታይፕ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ «መጠን ጠብቄ ነበር፣ የመጣልኝ መመሪያ ነው» ብሎ መስመሩን ይጠቁማል።

ጎጃም ተቀምጦ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ማኅሌት ላይ ከማውጣቱ በፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ አገባቡ የሳተበት ቦታ ላይ ያስቆሙታል። ቃላቱ እያንዳንዳቸው ደህና ግእዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ዜማውም ሊሞላ ይችላል። ግን ባለቤቱ ሴት ሆኖ ግሱ የወንድ ከሆነ ፈርሷል። መምህሩ ያንን ለማወቅ ቅኔው እስኪዜም አይጠብቁም።

ሁለተኛው ነጥብ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በራሴ ደርሶብኛል።

ቡሬ አካባቢ የበቆሎ መጋዘን ያለው ዘመድ አለኝ። ለልምምድም እንዲሆነን ብለን ከተማሪዎቹ ጋር የመጋዘኑን ሙቀትና እርጥበት የምትለካ ትንሽ ዕቃ በዩኤስቢ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኘንና ድራይቨሯን (ከርነሉ ከዕቃዋ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ) ራሳችን ጻፍን። ዕቃዋ በየደቂቃው የምትልከው መረጃ ውስጥ ሁለት ባይት የሙቀት ቁጥር አለ፤ ሁለት ባይት ደግሞ የሁኔታ ቁጥር። የሁኔታ ቁጥሩ 0 ከሆነ ደህና ነው። 1 ከሆነ መለኪያው ተቋርጧል ማለት ነው፤ ድራይቨራችን ያኔ እንደገና ማስነሳትና የድሮውን ቁጥር መጣል አለበት። ከዕቃዋ ጋር የመጣው ወረቀት ሁሉም ቁጥር ትልቁን ባይት እንደሚያስቀድም በግልጽ ይናገራል።

ሙቀቱን መጀመሪያ ሳንቀይር አነበብነው። ቁጥሩ የማይሆን ነገር ስለነበረ ወዲያው ታየንና አስተካከልነው። የሁኔታ ቁጥሩን ግን ማንም ልብ አላለውም። 0 በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢነበብ 0 ነዋ! ጠረጴዛ ላይ ስንሞክር ሁሌም 0። መጋዘን ውስጥ ገብቶም ሁለት ሳምንት 0። ይሠራል።

ከዚያ ሽቦው ላላ። ዕቃዋ ደንቧን ጠብቃ 1 ላከች። የእኛ ድራይቨር ግን ተገልብጦ ስላነበበው 256 አየ። ኮዱ የሚጠይቀው «1 ነው ወይ?» ብሎ ነው። አይደለም። ስለዚህ ምንም እንዳልሆነ የመጨረሻውን የሙቀት ቁጥር እያሳየ ቀጠለ። ዘመዴ ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ 22 ዲግሪ ሲያይ ቆይቶ፣ ሌሊቱ ያን ያህል እየበረደ ቁጥሩ ንቅንቅ አለማለቱ አላምር ብሎት ደወለልኝ። በቆሎው አልተበላሸም። ግን በቆሎው ከውስጥ ሞቆ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሦስት ቀን ማንም አያውቅም ነበር።

የሚያሳዝነው ስፓርስ ይህን መስመር ገና ከመጀመሪያው አሳይቶን ነበር። «ቢኢ16 ወደ ተራ ቁጥር ወርዷል» ብሎ። ያየሁት እኔ ነኝ። «ይቆየን» ያልኩትም እኔ ነኝ። ለዚህ ነው «ሞክሬዋለሁ» የሚለው ቃል የማያሳምነኝ። ሙከራ የሚያሳየው የሞከርከውን ቀን ነው። የከርነል ኮድ ደግሞ አብዛኛው የተጻፈው ለማይሞከረው ቀን ነው፤ ሽቦ ለሚላላበት፣ ዲስክ ለሚደክምበት፣ ፓኬት ተቆርጦ ለሚመጣበት።

ሦስተኛው ነጥብ ካስት ነው። ጸሐፊው «አንድ ቃል ጨምረህ ትገላገላለህ» ይላሉ። ስፓርስ ይህንኑ ለማለት የሚያስችል ፎርስ የሚባል ሌብል እንዳለው ያስታውሳሉ። እውነት ነው፣ አለው። ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። ምን እንደሚጠፋ ግን እንይ።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ትኬቱ ላይ 8 ሰዓት ጠዋት ይላል እንበል። በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ አየር ማረፊያ የሚያደርሰው የባጃጅ ሾፌር ደግሞ የሚያስበው በእኛ ሰዓት ነው። መንገደኛው ከ8 ላይ 6 ቀንሶ «2 ሰዓት ነው በረራዬ» ይለዋል። ይህ ቅየራ ነው። ቁጥሩም ስሙም አብረው ተለወጡ። ካስት ግን 8ን እንዳለ ትቶ ከጎኑ «በእኛ» ብሎ መጻፍ ነው። አሁን ወረቀቱ ላይ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም። የሚጠይቅም የለም። ሾፌሩ ልክ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ይደርሳል። አውሮፕላኑ ከሄደ ግን ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነው።

ስለዚህ ካስት የተደረገበት መስመር ማስጠንቀቂያ ካለበት መስመር የባሰ ነው። ማስጠንቀቂያው ቢያንስ «እዚህ ቦታ ሁለት ሰዎች አልተስማሙም» ይላል። ካስቱ «ተስማምተዋል» ብሎ ፈርሟል። ነገ ኮዱን የሚያነብ ሰው ያንን ፎርስ ሲያይ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አስቦበት ነው ያስቀመጠው ብሎ ያልፈዋል። ምስክሩን አፉን አስይዘኸዋል።

ታዲያ እንዴት ይፈታ? እኛ የምናደርገውን ልናገር። ማስጠንቀቂያው የወጣበት መስመር ላይ አንጀምርም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወደ ላይ እንከተላለን፤ ወንዝን ወደ ምንጩ እንደመከተል። ከኔትወርክ ነው? ከዲስክ ነው? ከዕቃው ሬጅስተር ነው? ወደ ከርነሉ የገባበትን በር ስናገኝ፣ እዚያ ያለው የስትራክት (የተያያዙ መረጃዎች ጥቅል) ሜዳ ትክክለኛ ሌብል አለው ወይ ብለን እናያለን። ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያ ነው። ሜዳው ተራ ዩ32 (ቅደም ተከተሉ ያልተነገረ ባለ 32 ቢት ቁጥር) ተብሎ ተጽፏል፤ የሚይዘው ግን ትልቁ ባይት የሚቀድምበትን ቁጥር ነው። ሜዳውን ቢኢ32 ስንለው አንዱ ማስጠንቀቂያ ይጠፋና ሌላ ሦስት ይወጣል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚህ ጋ ይደነግጣሉ። ግን እነዚያ ሦስቱ ቁጥሩ የሚሄድባቸው መንገዶች ናቸው። አንድ በአንድ እንከተላቸዋለን። የመጨረሻው መንገድ ላይ ወይ የተረሳ ቅየራ እናገኛለን፣ ወይ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ቁጥር፣ ወይም ደግሞ ምንም ስህተት የለም፤ የጎደለው ሌብል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ቫሪያብል ጠዋት የኔትወርኩን ቁጥር፣ ማታ የማሽኑን ቁጥር እንዲይዝ የሚያደርጉ አሉ። ከኔትወርክ የመጣውን ይቀይሩና መልሰው እዚያው ውስጥ ያስቀምጡታል። ስፓርስ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ልክ ነው። ሁለት ስም ስጡት። አንዱ ከውጭ የመጣው፣ አንዱ የተቀየረው። ኮምፓይለሩ አላስፈላጊውን ራሱ ያጠፋዋል፤ የሚጨምርባችሁ ወጪ የለም።

ከዚያ በኋላ የማሽኑን ኮድ እናነጻጽራለን። ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም፤ ለእኔ ግን የሥራው ሁሉ ልብ ይኼ ነው። ፓቹ (የምንልከው የኮድ ለውጥ) ሌብል ብቻ ያስተካከለ ከሆነ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የሚወጣው የማሽን ኮድ አንድ መሆን አለበት። አንድ ከሆነ ማንንም ሳታስፈራ «ይህ ለውጥ ሥራውን አይነካም» ማለት ትችላለህ። ከተለየ ግን ወይ የቆየ ስህተት አርመሃል፣ ወይ አዲስ ስህተት ጨምረሃል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አትላከው።

ፎርስ ፈጽሞ አይነካ እያልኩ አይደለም። የቅየራ ፈንክሽኖቹ ራሳቸው ውስጣቸው እሱን ይጠቀማሉ፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። ከዚያ ውጭ ሲያጋጥም፣ ለምን እንዳስፈለገ ከጎኑ ሁለት መስመር ማብራሪያ ይጻፍ።

አራተኛው ነጥብ «መሣሪያው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ስፓርስ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። ሌብሉ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ትክክለኛውን ኮድ ይከሳል። ለዚህ ነው «ቅየራ ጎደለ» ስላለ ብቻ ቅየራ መጨመር አደገኛ የሚሆነው። ዕቃው ቁጥሩን ራሱ ገልብጦ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሲሠራ የኖረውን ድራይቨር አንተ ሰበርከው ማለት ነው። የዕቃውን መግለጫ ሳያነቡ የታይፕ ማስጠንቀቂያ መንካት አይገባም።

ሳያስቡ ማጽዳት ምን እንደሚያመጣ ዓለም ያየው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ስርጭት) ውስጥ ምስጢር መቆለፊያ በሆነው በኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ላይ እንደ ቫልግሪንድ ያሉ መመርመሪያዎች ዋጋ ስላልተሰጠው ሜሞሪ ማስጠንቀቂያ ያወጡ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት መስመሮች ተነሡ። ከተነሡት አንዱ የምስጢር ቁልፍ ሲሠራ የዘፈቀደ ቁጥሩን የሚመግበው መስመር ነበር። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ለአንድ የቁልፍ ዓይነትና ርዝመት ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች 32 ሺህ ገደማ ብቻ ሆኑ። የታወቀው በ2008 ነው። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ሰርቨሮች በሚገመት ቁልፍ ተቆልፈው ነበር። ያ ከርነል አይደለም፤ መሣሪያውም ስፓርስ አይደለም። ግን ጸሐፊው «ዝም አሰኘው» ሲሉ የሚመክሩት ልክ ይህንኑ ነው። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋው ሰው ምን እያለ እንደሆነ ሳይረዳው ነው ያጠፋው።

ደግሞም ንጹሕ መሆን ማለት ደህና መሆን አይደለም። በከርነል 4.13 ውስጥ ዌይትአይዲ በሚባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት በር) ላይ ከተጠቃሚ የመጣው ፖይንተር ሌብሉ በቦታው ነበር። አድራሻው በእርግጥ የተጠቃሚው ክልል ውስጥ መሆኑን የሚያረጋግጠው ጥያቄ ግን ተረስቶ ነበር። በዚያ በኩል ተራ ተጠቃሚ የከርነል ሜሞሪ ላይ ማስጻፍ ይችል ነበር። በ2017 ታርሟል። ታይፑ ልክ ነው፤ ሥራው ጎደሎ ነው። ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን ምሳሌ ቢያመጡ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። እኔም የምቀበለው ይህን ያህል ነው፦ ስፓርስ አንዱ ወንፊት ነው፤ ብቻውን ዱቄት አያወጣም። ዳን ካርፐንተር በስፓርስ ላይ የገነባው ስማች የሚባለው መሣሪያ ሌላ ወንፊት ነው፤ የሰው ዓይንም ሌላ።

«ሩስት ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል» ለሚለው ብዙ አልልም። ሩስት የሚባለው ቋንቋ ከስሪት 6.1 ጀምሮ ከርነል ውስጥ አለ፤ ደስም ይለኛል። ግን ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ የሆነው ኮድ አብዛኛው ሲ ነው፤ ነገም ይኖራል። የባይት ቅደም ተከተልንም ቢሆን ሩስት በራሱ አያውቅም፤ ሰው በታይፕ ካልነገረው በስተቀር።

የመጨረሻው ነጥባቸው ልቤን የነካው ነው፤ ስለ እኛ ልጆች የጻፉት። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ስለዚህ ይህን ተዉት ይላሉ። ጭንቀታቸው የእውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ግን እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። በከርነል ዓለም ውስጥ እንደዚህ ለእኛ ኑሮ የሚመች ሥራ የለም። የተጨመቀው የከርነል ምንጭ ኮድ 140 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ለሁላችንም አዳርሷል። ስፓርስ ራሱ ትንሽ ነው። ከርነሉን ሙሉውን ኮምፓይል ማድረግ ግድ አይደለም፤ በሜክ ትዕዛዝ ላይ ሲ=2 ብሎ የአንድ ድራይቨር ማውጫ ብቻ ማስፈተሽ ይቻላል። በአሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ዕቃውም እጅህ ላይ ባይኖር ማስጠንቀቂያው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማንበብ ነው። ባትሪ ሁለት ሰዓት ከያዘ ሁለት ሰዓት ይነበባል።

ማስጠንቀቂያ ቆጥረው፣ ያልገባቸውን ፓች በብዛት የሚልኩ ጀማሪዎች የከርነል ጠባቂዎችን (ፓች የሚመረምሩትንና የሚቀበሉትን) ያሰለቻሉ የሚለው ወቀሳቸው ግን ልክ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። አንድ ሰው በሳምንት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይይዛል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ፣ የት እንደሚሄድ ለሌሎቻችን በቃል ካላስረዳ ኮዱን አይነካም።

የመጋዘኗን ድራይቨር ያረመችው አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለውጡ አንድ መስመር ነው፤ 1 የሚለውን ቋሚ ቁጥር ወደ ቢኢ16 ቀይራ ከሁኔታ ቁጥሩ ጋር አነጻጸረችው። ቋሚ ቁጥር ስለሆነ ቅየራው ኮምፓይል ሲደረግ ያልቃል፤ ድራይቨሩ ላይ ሸክም አይጨምርም። የኮሚቱ (የተመዘገበው ለውጥ) ማብራሪያ መጀመሪያ «የስፓርስ ማስጠንቀቂያ ጠፋ» ይል ነበር። ጓደኞቿ አላሳለፏትም። እንደገና ጻፈችው፦ «መለኪያው ሲቋረጥ ዕቃዋ 1 ትልካለች። ትንሹን ባይት በሚያስቀድም ማሽን ላይ 256 ሆኖ ይነበብ ስለነበረ መቋረጡ አይታወቅም ነበር። ስፓርስ አሳይቶን ነበር። የማሽኑ ኮድ ተለውጧል፤ የተለወጠውም ይህ ንጽጽር ብቻ ነው።» በማግስቱ ቡሬ ሄደው ሽቦውን በእጃቸው ነቀሉት። ስክሪኑ ላይ 22 የሚለው ቁጥር ጠፋና «ተቋርጧል» የሚል ወጣ።